ሰኞ እናርማለን

ጁባ፣ ነሐሴ 23 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሉቃስ፣

መልእክትህን ካየሁ በኋላ «እንዴት ሰነበትክ» ማለት ራሱ ድፍረት ሆኖብኝ ብዕሩን አንስቼ ስንት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። ቢሆንም እንዴት ሰነበትክ? አባዬስ እንዴት ነው? መንገዱ አላደከመውም?

ቦሌ ድረስ መጥታችሁ እንደነበር ያወቅሁት ካንተው ነው። በታክሲ እመጣለሁ፣ አትልፉ ብዬህ አልነበረም? በስትሮክ ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝለትን ሰውዬ በዚያ ዝናብ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ማን አምጣው አለህ? ይኸው ይቅርታ ልጠይቅህ ተቀምጬ ልቆጣህ ጀመርኩ። ይቅር በለኝ። ስልኬን የዘጋሁት አውቄ አይደለም፤ እዚህ ኔትወርኩ እንደ ዝናቡ ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል።

የቀረሁበትን ምክንያት ጠይቀሃል። የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ አንድ ማኅተም ጎድሎ ተገኘ። ቢሮው ስሄድ ኃላፊው የለም ይሉኛል፤ ስመለስ ደግሞ «ቡክራ» ይሉኛል። ቡክራ ማለት ነገ ማለት ነው፤ ግን እኛ ነገ የምንለው ቀን እንዳይመስልህ። እንደተፈረመልኝ እመጣለሁ።

በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩን ስፒከር ላይ ስለምታደርገው ነው። አባዬ እንዲሰማ ብለህ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ጎረቤታችን እትዬ አስረሳሽም አብረው ይሰማሉ፣ እሳቸው የሰሙትን ደግሞ ገበያው ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በደብዳቤ እንነጋገር። ይህን አለባቸው አዲስ አበባ ሲገባ ለደብረ ብርሃን ሹፌር ይሰጠዋል። አለባቸው እዚህ አውሮፕላን ማረፊያ ትኬትና ሻንጣ የሚቀበል የአገራችን ልጅ ነው፣ ታማኝ ነው።

ጅማ ለማስተርስ መግቢያህ መቼ እንደሆነ አልረሳሁም። አባዬን ሦስት ዓመት ብቻህን ይዘህ ስትቀመጥ እኔ ጁባ አስተምራለሁ፣ ከዚያ ተራው የኔ ነው ያልኩህ እኔው ራሴ ነኝ። እመጣለሁ።

እህትህ ዓባይነሽ


ደብረ ብርሃን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለክብርት መምህርት ዓባይነሽ ሥዩም፣
ጁባ

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ በሹፌር እጅ በሰላም ደርሶኛል። ስለ ጎደለው ማኅተም ቤተሰቡ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል።

ሆኖም ሁለት ነገሮች ግር ብለውኛል። አንደኛው፣ ቲና የሚሏት ባንክ የምትሠራ ጓደኛዎ በፌስቡክ ያወጣችው ፎቶግራፍ ነው። የጁባ ኢትዮጵያውያን ተሰብስበው፣ ኬኩ ላይ «በሰላም ግቢ» ተጽፎ፣ እርስዎም በሀገር ልብስ ተውበው አንድ ሰው የሚያህል ቀይ ባለ ጎማ ሻንጣ ሲሸለሙ ይታያል። ቀን ያልተቆረጠለት ሰው ይሸኛል እንዴ? ሁለተኛው፣ ታማኝ ያሉት አለባቸው ደብዳቤውን ለማን እንደሰጠው ሊነግረኝ ደውሎ በወሬ መሐል «ሻንጣዋን ከአውሮፕላኑ ሆድ ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ አይ ልፋቴ» አለኝ። ሻንጣው አውሮፕላን ውስጥ ከገባ፣ ማኅተሙ አልጎደለም ማለት ነው።

እታለም፣ ከዚህ በላይ አንቱ ማለት አቃተኝ። እኔን ምን ብትይኝ እችላለሁ፤ ዋሽተሽኝ ግን አታውቂም ነበር። ወንድ ከሆነ ወንድ ነው በይኝ። ደመወዙ ካጓጓሽም እሱኑ ንገሪኝ። ጅማ መስከረም መጨረሻ ላይ ይመዘግባሉ። አባዬን ለእትዬ አስረሳሽ ጥዬ እንደማልሄድ ታውቂያለሽ፣ አውቀሽም ነው የቀረሽው።

ስለ አባዬ ጠይቀሻል። ደህና ነው።

ሉቃስ


ጁባ፣ መስከረም 18 ቀን 2005 ዓ.ም.

ሉቄ፣

እንኳን አዲሱን ዓመት በሰላም አደረሰህ፣ የመስቀልንም ጨምሬ። አንቱ ስትለኝ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አለቀስኩ። በዚያ ቅደም ተከተል ነው የሆነው።

ወንድ የለም። ቢኖርማ ምንኛ ቀላል ነበር፣ ይዤው እመጣ ነበር። ደመወዙም አይደለም፤ አገሩ ነዳጅ መሸጥ ካቆመ ወዲህ እዚህ ደመወዝ ራሱ ቡክራ ሆኗል። እውነቱን ልንገርህ፣ ሳትስቅ አንብበው።

የማስተምረው የከሰዓቱን ፈረቃ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ጠዋት ሥራ ውለው ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚቀመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ወታደር አለ፣ የልጆች እናት አለች። የትምህርት ቤቱ ባለቤትና ዳይሬክተር ጆክ ጋምቤላ ስደተኛ ሆኖ ያደገ ሰው ነው፣ አማርኛው ካንተም ከኔም ይጣፍጣል። ልሄድ ነው ስለው አልተቆጣም፤ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። ባለፈው ዓመት ኬንያዊው መምህር ተማሪዎቹን ንግግር አድርጎ ተሰናበታቸውና በሳምንቱ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆነ። «እነዚህ ሰዎች ጥሏቸው የሚሄድ ሰው ለምደዋል፤ አንዱ ሲሄድ እነሱም ይሄዳሉ። አትንገሪያቸው፣ እንደ ማንኛውም ዓርብ ውጪ» አለኝ። እሺ አልኩት።

ዓርብ ገባሁ፣ ክፍልፋይ አስተማርኩ። ደወሉ ሲደወል እጄ ራሱ ሰሌዳው ላይ የቤት ሥራ ጻፈ። አፌም የለመደውን አለ፤ ሰኞ እናርማለን። በመምህርነቴ አስር ዓመት ዓርብ ዓርብ ያልኩትን ነው ያልኩት። ያልኩት መሆኔን እንኳ አላስተዋልኩም።

ቅዳሜ አውሮፕላን ማረፊያው ሄጄ ሻንጣዬን ለአለባቸው አስረከብኩ፣ ወደ ሴቶች መፈተሻ ገባሁ። የደንብ ልብስ ለብሳ የምትፈትሸው ሬቤካ ናት። ሁለተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ ተማሪዬ። ጋምቤላ፣ ፉግኒዶ የስደተኞች ካምፕ ነው ያደገችው፣ እንደኛው ታወራለች። ማረፊያው እንደምትሠራ አውቃለሁ፤ የሷ ተራ ሰኞና ረቡዕ ነው ብዬ ነበር። እጆቼን ዘርግቼ ቆምኩ፣ እሷም ብብቴን፣ ወገቤን እየዳሰሰች ቀስ ብላ፣

«ቲቸር፣ ሰኞ እናርማለን አላልሽንም?» አለችኝ።

አልተቆጣችም። ቀኑ የተሳሳተባት መስሏት ነበር የጠየቀችኝ። «ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ እለፊ» አለችና በእጅ የያዝኳት ቦርሳ ላይ በጠመኔ ኤክስ አደረገችባት። ተፈትሿል ማለት ነው፤ የሁሉም ሰው ዕቃ ላይ ያደርጉታል። እኔ ግን ኤክስ የማደርገው ምን ላይ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። አውሮፕላኑ ሲጠራ እግሬ ወደፊት አልሄድ አለኝ። ሰኞ ክፍል ገብቼ የቤት ሥራውን አረምኩ። ይኸው ነው፤ የዋሸሁህም ይህንን ብልህ ማን ያምነኛል ብዬ ነው።

አሁን የምኖረው ኑሮ ደግሞ ጉድ ነው። ተሸኝቼ ኬክ ቆርሻለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ቆመው መርቀውኛል፣ ሻንጣም ተቀብያለሁ። የተሸኘ ሰው ደግሞ ይሄዳል እንጂ በማግስቱ ገበያ ላይ ቲማቲም ሲመርጥ አይገኝም። ከኮሎሎ ሰፈር ወጥቼ አትላባራ የሚባል ሰፈር፣ ኢትዮጵያዊ የማይበዛበት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ቦዳቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ስወጣ ሻሽ ጠምጥሜ ጥቁር መነጽር አደርጋለሁ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቻለሁ፤ እዚያ አለባቸውን ስለኔ ሲጠይቁት «ደህና ገብታለች» ይላል አሉ። የሱም ኃጢአት በኔ ነው።

ፈተናው ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። እንደጨረሱ እመጣለሁ። ጅማዎችን እስከ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጠብቁኝ ብትላቸው አይሆንም? እለምንሃለሁ። ለመለመንም ፊት እንደሌለኝ አውቃለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር። በደወልኩ ቁጥር አባዬ ተኝቷል ትለኛለህ። በዚያ ሰዓት ተኝቶ አያውቅም። ምንድነው?

ዓባይነሽ


ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2005 ዓ.ም.

እታለም፣

ሳትስቅ አንብበው ባልሽኝ ቦታ ሳቅሁ፣ ቲማቲሙ ጋ። ከዚያ በኋላ ግን አልሳቅሁም።

ጅማዎች እስከ የካቲት ይጠብቁኛል፤ ከዚያ ካለፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፣ ሁለተኛ ዕድል የለም ብለውኛል። በዚህ በኩል የምችለውን አድርጌያለሁ። የቀረው ያንቺ ነው። እመጣለሁ ስትይ ደስ ይለኛል፣ ግን ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ።

ስለ አባዬ ዝም ያልኩት ዝም አይነቅዝም ብዬ ነበር። ጠየቅሽ፣ እነግርሻለሁ።

ከስትሮኩ ወዲህ ጥቂት ቃላት ብቻ ነበር የሚወጡለት፤ ውሃ፣ እንቢ፣ ሉቃስ። ትመጫለሽ ካልነው በኋላ ግን በየጠዋቱ መስታወት ፊት እየተቀመጠ «እንኳን ደህና መጣሽ» ማለትን ይለማመድ ጀመር። እንኳን የሚለው ቀድሞ ወጣለት፣ መጣሽ አስቸገረው። በመጨረሻው ሳምንት ሙሉውን አለው። እትዬ አስረሳሽ እልል አሉ። ቦሌ ድረስ የወሰድኩት እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው የወሰደኝ፤ ያንን ሙሉ ልብሱን አልብሰኝ ብሎ በእጁ ጠቆመኝ፣ ክራቫቱን በአንድ እጁ ሊያስር ታገለ።

ተሳፋሪው ሁሉ ወጣ። በሚቀጥለው አውሮፕላን ትሆናለች አልኩት፣ የዚያም ሰው ወጣ። ወለሉን ሊያጥቡ ሲመጡ ተነስ አባዬ ስለው አየኝና ተነሳ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም። ውሃ ሲፈልግ በጣቱ ያሳየኛል። ሐኪሙ ጉዳቱ አልጨመረም፣ መናገር ይችላል ይላል። ስልኩን ጆሮው ላይ ሳደርግለት ፊቱን ያዞራል፤ ተኝቷል የምልሽ ለዚያ ነው።

የነገርኩሽ እንድታለቅሺ አይደለም። እንግዶችሽን ሰኞ አርመሻቸዋል። እኛን መቼ ነው የምታርሚን?

ሉቃስ


ጁባ፣ ኅዳር 23 ቀን 2005 ዓ.ም.

ሉቄ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ለት ዛሬውኑ ካልሄድኩ ብዬ አለባቸው ዘንድ ሮጥኩ። እሱም ትኬት አለ አለኝ። ተመልሼ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ፣ አወጣሁ፣ ደግሞ ከተትኩ። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ከበሩ እስከ አልጋው እየተመላለስኩ ነጋ። ቁጭ ማለት ካቃተኝ ሰነበተ፤ ሳስተምር እንኳ ሰሌዳው ፊት ወዲያ ወዲህ ስል አንዱ ወታደር ተማሪዬ «ቲቸር፣ ዘብ ነሽ እንዴ?» አለኝ። ዓባይ ዳር እሄዳለሁ፣ ውሃው እንኳ ወደ ሌላ አገር ሲጣደፍ አየዋለሁ፣ ባሰብኝ ብዬ እመለሳለሁ።

አልሄድኩም። የአሁኑን መቅረቴን ግን ከፊተኛው ይልቅ አስቤበታለሁ። እንደገና ሳልናገር ብወጣ አባዬን ቦሌ ባስቀመጥኩበት ወንበር ላይ ሌላ ሰው ማስቀመጤ ነው። ስለዚህ ከጆክ ጋር ተጣላሁና ለክፍሉ ነገርኳቸው። ፈተናው ሲያልቅ እሄዳለሁ፣ ቀኑም ይህ ነው፣ አባቴ ታሟል አልኳቸው። ሬቤካ ደብተሯን ገልጣ ቀኑን ጻፈችው። ሁለቱ ግን ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ጆክም ልክ ነበር ማለት ነው፣ እኔም ልክ ነኝ፤ እንዲህም አለ ለካ።

ቲና ያዘችኝ። ሃይ ማላካል ገበያ ዓሣ ሳስመዝን ከኋላዬ «ይቺ ሴትዮ የሞተችዋን ዓባይነሽን አትመስልም?» ስትል ሰማሁ። ዞርኩ። መጀመሪያ አቀፈችኝ፣ ቀጥላ ሰደበችኝ፤ ሻንጣውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ከተማውን ዞሬ ነው ያገኘሁት አለች። ሁሉንም ስነግራት ዓሣው እስኪሸት አብረን ቆምን። በመጨረሻ «ሽማግሌዎቹ ግን አንዴ መርቀውሻል፣ ሁለተኛ አይመርቁም፤ በመጀመሪያው ምርቃት ሂጂ» አለችኝ። እስቲ ይሠራ እንደሆን እናያለን።

ያልጠየቅኸኝንም ልንገርህ። ስለ ሬቤካ የነገርኩህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን እሷ ባትኖር ኖሮም አውሮፕላኑ በር ላይ እግሬ ሳይያዝ አይቀርም ነበር። ፈርቼ ነው፣ ሉቄ። እዚህ እንግዳ ነኝ። ለእንግዳ ብዙ ነገር ይታለፍለታል፤ ለምን አላገባሽም አይባል፣ ለምን ቀጠንሽ አይባል። መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው ከቦዳቦዳ ላይ «ቲቸር!» ብሎ እጁን ያውለበልብልኛል። ሙቀቱን፣ ጭቃውን፣ ጄኔሬተሩን ረግሜ አልጠግብም፤ ግን እዚህ የተፈለግሁት ጠመኔ ስለያዝኩ ነው። እዚያ ስመለስ ማን ነኝ? የጋሽ ሥዩም ሴት ልጅ፣ የጡረተኛ ሹፌር አስታማሚ። አንተ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሆነህ ስትኖር እኔ እንደፈራሁት እንኳ አልነገርኩህም። አፈርኩ።

ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ይጀምራል። ከገና በፊት ቤት ነኝ። አየር ማረፊያ አትምጡ። እባክህ አታምጣው።

ዓባይነሽ


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2005 ዓ.ም.

እታለም፣

አንመጣም። አባዬም አልጠየቀም።

እዚህ ብርዱ ከብዷል፣ ወፍራም ልብስ ይዘሽ ነይ፤ ጁባ ከየት ይገኛል እንዳትይ፣ እትዬ አስረሳሽ ሹራብ ሠርተውልሻል። ቀለሙን አይተሽ እንዳትስቂ።

ማን ነኝ ላልሽው እኔም መልስ የለኝም። እኔ ራሴ ጅማ ስገባ ማን እንደምሆን እንጃ፤ ገንፎ የሚያጎርስ ሰው መሆን ነው የለመድኩት። አንዳንድ ቀን ጥዬው መሄዴ ሲታሰበኝ ልቤ በደስታ ይዘላል፣ ከዚያ አባዬ ቀና ብሎ ሲያየኝ የሰማኝ ይመስለኛል። የፈራሽው አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ።

ሻንጣውን ባዶውንም ቢሆን አምጪልኝ። እኔን የሚሸኝ ማኅበር የለኝም።

ወንድምሽ ሉቃስ


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 8 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ የማስተርስ ተማሪ ለአቶ ሉቃስ ሥዩም፣
ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። አንቱታው እንዳማረዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ብድሬን ከፍያለሁ፣ አሁን ወደ አንተ ልመለስ።

ሻንጣው ላይ ያለው የጠመኔ ምልክት አልለቅም አለ ብለሃል፤ የጓደኞችህን ሳቅ ቻለው። የታኅሣሡ ነው እሱ። ያን ቀን ሬቤካ ተረኛ ሳትሆን ነው የመጣችው። ሊፈትሹኝ ስቆም አልፋ ገብታ አቀፈችኝና ተረኛዋ ተቆጣቻት፤ ከዚያ ምልክቱን እኔ ላድርግ ብላ ለምና ተጭና ጻፈችው። ጆክ ደውሎ ነበር፣ ፈተናውን አልፋለች። በሒሳብ ለጥቂት ነው ግን። በስልክ ሳይቀር ተናደድኩባት።

ስለ አባዬ በስልክ ያልመለስኩልህ እትዬ አስረሳሽ አጠገቤ ስለነበሩ ነው። የዚህን ቤት ስልክ ዛሬም እንደ ሬዲዮ ነው የሚያዳምጡት።

አንተ ከሄድክ በኋላ እንደ እንግዳ ነበር የያዘኝ። የማበላውን ይበላል፣ ሳጥበው እጁን ይሰጠኛል፣ ዓይኔን ግን አያይም። ጠዋት ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው ሻንጣው የነበረበትን ጥግ ነው። ሻንጣው ካንተ ጋር እንደሄደ ያውቃል፤ ቢሆንም ያያል። እኔም አልዋሽህም፣ እግሬን ይበላኛል። ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቴ ሰዓት ቤቱ ይጠበኛል፣ ግቢውን እዞራለሁ። አንድ ሁለቴ በር ከፍቼ አስፋልቱ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ይህንንም አይቶኛል መሰለኝ።

ከዚያ ሥራ ፈት እጄ ምን ይሥራ ብዬ አንድ ደብተር ገዛሁና በዚያው በፈረቃዬ ሰዓት ፊቱ ተቀመጥኩ። በግራ እጁ ፊደል እንዲጽፍ ነው። በመጀመሪያው ቀን እርሳሱን ወረወረው። በማግስቱም ወረወረው፣ ግን አጠገቡ ነው የወደቀው። አሁን ሀ ሁ ይጽፋል፣ መስመሩን እየሳተ፣ እንደ ተበላሸ መንገድ እያንገጫገጨው። ድሮ ያንን ሁሉ ቁልቁለት በከባድ መኪና የወረደ ሰው አንዲት ሐ ላይ ሲያልበው ታየዋለህ።

ከትናንት ወዲያ ዓርብ ነበር። አንድ ገጽ እንዲጽፍ ሰጠሁት፣ ደብተሩን ጭኑ ላይ አስተካከልኩና እየተነሳሁ፣ አስቤው አይደለም፣ ከአፌ አመለጠኝ፤ ሰኞ እናርማለን አልኩት።

እርሳሱን አስቀመጠ። ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። አፉ ሲታገል አየሁት፣ ውሃ የፈለገ መስሎኝ ብርጭቆውን ላነሳ ስል፣

«ሰኞ አለሽ?» አለኝ።

ሉቄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ አይደለም ያለኝ። እሱን ቦሌ ትቶት መጥቷል፣ አልጠብቀውምም። ሰኞ አለሽ ነው ያለኝ፣ ጥርት አድርጎ።

አለሁ አልኩት። እርሳሱን አንስቶ መጻፍ ጀመረ።

ይኸው ዛሬ እሑድ ነው። ገጹን ጨርሶ ደብተሩን ትራሱ ሥር አስገብቶታል፣ ላየው ብል አልሰጥም ብሎኛል። ነገ አርምለታለሁ።

እህትህ ዓባይነሽ